ስድስት በስድስት የተቆጠረ ግጥም ዜማ ላይ ለምን ይሰናከላል? ከባድና ቀላል ምት በግጥምና በሙዚቃ

ባለስንኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በወል ቤት (ስድስት በስድስት በሚቆጠረው የግጥም ቤት) የተጻፈ፣ ቀለሙ (አንድ አናባቢ የሚሰማበት የድምፅ ክፍል) ያልጎደለና ያልተረፈ፣ ሲነበብ ጆሮ የማይቆረቁር ግጥም 6/8 ምት ላይ ሲቀመጥ ቃላቱ የሚጣመሙት ለምንድን ነው? መነጋገሪያ እንዲሆነን ለዚሁ ክር የተጻፈ ሁለት ስንኝ ይኸውና፦

የወንዙ ዳር ዛፎች ጥላቸው ረዘመ፤
መንገደኛው ሁሉ ደክሞት ተጋደመ።

ሐረጉ (የስንኙ ግማሽ) 6 ቀለም፣ ስንኙ 12። የ6/8 ባር (አንዱ የምት ዙር) ደግሞ 6 ስምንተኛ ኖታ ይይዛል። አንድ ሐረግ ለአንድ ባር፣ አንድ ቀለም ለአንድ ኖታ ቢታደል ልክ መምጣት ነበረበት። ሲዘፈን ግን መነሻዋ «የ» ያለ አቅሟ ጎልታ ትወጣለች፣ «ሁሉ» ደግሞ ይዋጣል። ቆጠራው ትክክል ከሆነ ስህተቱ ከየት መጣ?

ድምፀ ልሳን

ቆጠራው ትክክል ነው። ችግሩ ቀለም ሁሉ እኩል ይመዝናል ብሎ መነሳቱ ላይ ነው።

አማርኛ እንደ እንግሊዝኛ ከአንድ ቃል ውስጥ አንዱን ቀለም ለይቶ በኃይል የሚያጎላ ቋንቋ አይደለም፤ ጫናው ለስላሳ ነው፣ በቃሉ ላይም ተመጣጥኖ ይሰራጫል። በዚህ የተነሳ ብዙ ሰው «አማርኛ ጫና የለውም፣ ቀለም መቁጠር ይበቃል» ይላል። ነገር ግን ጆሮ የሚመዝነው ሌላ ነገር አለ፤ ቀለሙ ክፍት ነው ወይስ ዝግ? በአናባቢ የሚያልቅ ቀለም (የ፣ ዙ፣ ዛ) ቀላል ነው። በተነባቢ የሚዘጋ ቀለም (ወን፣ ዳር፣ ፎች) ከባድ ነው። የሚጠብቅ ፊደል ደግሞ ሁለት ቦታ ይይዛል፤ ግማሹ የፊተኛውን ቀለም ይዘጋል፣ ግማሹ የኋለኛውን ይከፍታል። ስለዚህ ከሚጠብቅ ፊደል በፊት ያለው ቀለም ምንጊዜም ከባድ ነው።

«ይመታል» የሚለውን ውሰዱ። ሰውየው ሌላውን ከመታ ፊደሎቹ ይላላሉ፦ ይ፣ መ፣ ታል። ቀላል፣ ቀላል፣ ከባድ። ራሱ ተመቺ ከሆነ ይጠብቃሉ፦ ይም፣ መት፣ ታል። ከባድ፣ ከባድ፣ ከባድ። ጽሕፈቱ አንድ፣ ቀለሙ በሁለቱም 3፣ ክብደቱ ግን ፈጽሞ የተለያየ። ዜማው ይህን ካላከበረ መቺና ተመቺ ይቀያየራሉ።

አሁን የባለስንኝን አራት ሐረጎች በዚህ ሚዛን እንያቸው፦

የ · ወን · ዙ · ዳር · ዛ · ፎች
ጥ · ላች · ቸው · ረዝ · ዘ · መ
መን · ገ · ደኝ · ኛው · ሁል · ሉ
ደክ · ሞት · ተ · ጋድ · ደ · መ

አራቱም 6 ናቸው። አንዱም ግን ሌላውን አይመስልም።

ከበሮ

ድምፀ ልሳን መሠረቱን ጥሏል፣ እኔ ከምቱ በኩል ልቀጥል።

6/8 ውስጥ ስድስቱ ቦታዎች እኩል አይደሉም። 1 ዋናው ከባድ ምት ነው፣ 4 ሁለተኛው ከባድ፣ 2፣ 3፣ 5 እና 6 ቀላል። እግር የሚረግጠው 1ን እና 4ን ነው። የመጀመሪያውን ሐረግ ከ1 ብትጀምረው «የ» ከባዱ ቦታ ላይ ትወድቃለች። መነሻ የምትሆን ጥገኛ ፊደል ናት፣ ክፍት ናት፣ የቃሉም ሥር አይደለችም። ሦስት ድክመት ያለባት ቀለም የባሩን ትልቅ ሸክም ትቀበላለች። ጎልታ መውጣቷ ከዚህ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ «የ»ን ከባሩ በፊት አውጣት። ያለፈው ባር 6ኛ ቦታ ላይ መንደርደሪያ ትሁን፣ «ወን» 1 ላይ ይረፍ፦

(የ) | 1 ወን · 2 ዙ · 3 ዳር · 4 ዛ · 5 ፎች · 6 ትንፋሽ

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ከባዶቹ ቀለሞች 1፣ 3 እና 5 ላይ አረፉ። ስድስቱ ቦታ በሦስት ጥንድ ተከፈለ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ የ3/4 አመታት ነው። ሁለተኛው ሐረግ ግን እንዲህ ይገባል፦

1 ጥ · 2 ላች · 3 ቸው · 4 ረዝ · 5 ዘ · 6 መ

«ረዝ» 4 ላይ ቁጭ አለ፤ ይህ ሦስት በሦስት ነው፣ ንጹህ 6/8። የሁለተኛው ስንኝ ሐረጎችም እንዲሁ ናቸው፦

1 መን · 2 ገ · 3 ደኝ · 4 ኛው · 5 ሁል · 6 ሉ (ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት)
1 ደክ · 2 ሞት · 3 ተ · 4 ጋድ · 5 ደ · 6 መ (ሦስት፣ ሦስት)

«ሁሉ» የተዋጠው ከበሮው 1ን እና 4ን ብቻ ስለመታ ነው። «ሁል» 5 ላይ ከባድ ሆኖ ሲመጣ የሚቀበለው ምት አላገኘም። በዚሁ ሐረግ 3ን እና 5ን በጭብጨባ ወይም በክራር ብታጎሉለት ቃሉ ይነሳል። ሁለት ትልቅና ሦስት ትንሽ ምት በአንድ ባር መደራረቡ በሙዚቃ ሄሚዮላ ይባላል፣ የችክችካ ውበትም አብዛኛው ከዚህ ይመጣል። 6 ለ2ም ለ3ም ስለሚከፈል፣ የወል ቤት ሐረግም ሁለቱንም አከፋፈል ስለሚቀበል ሁለቱ ተስማምተው ይኖራሉ።

ለመለማመድ፦ ቀኝ እጅ 1ን እና 4ን፣ ግራ እጅ 1ን፣ 3ን እና 5ን ይምታ። ሲደመር የሚሰማው 1፣ 3፣ 4፣ 5 ነው። ፍጥነቱን በትልቁ ምት በደቂቃ 60 ጀምሩ። ይህ ሳይሰናከል ሲሄድ ብቻ ግጥሙን በላዩ ተናገሩ፤ ዜማ ገና አትጨምሩ።

አዲስ ገቢ

በጣም አመሰግናለሁ። ከበሮ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና መሠረታዊ ጥያቄ ላንሳ፤ ሳድስ ፊደል መቼ ነው ቀለም ሆኖ የሚቆጠረው? «ትምህርት» 5 ፊደል ነው፣ ስንት ቀለም ልበለው?

ድምፀ ልሳን

ፊደል አይቆጠርም፣ የሚሰማ አናባቢ ነው የሚቆጠረው። «ትምህርት» ሲነገር ትም እና ህርት ነው፤ 2 ቀለም። «መጽሐፍ» 4 ፊደል፣ 2 ቀለም (መጽ፣ ሐፍ)። «ብርሃን» 4 ፊደል፣ 2 ቀለም። «ልብ» 1 ብቻ። ሳድስ አንዳንዴ አጭር አናባቢ ይይዛል፣ አንዳንዴ ባዶ ተነባቢ ሆኖ የፊቱን ቀለም ይዘጋል። አገጭ ስር እጅ አድርጎ ቀስ ብሎ መናገር ጥሩ መለያ ነው፤ አገጭ በወረደ ቁጥር አንድ ቀለም።

ከዚህ የሚገኝ ለገጣሚ ትልቅ ጥቅም አለ። «ክብር» ሲባል ክ፣ ብር ነው፤ ቀላል፣ ከባድ። «ክብሩ» ሲባል ክብ፣ ሩ ይሆናል፤ ከባድ፣ ቀላል። «ፍቅር» እና «ፍቅሩ»፣ «ምድር» እና «ምድሩ» እንደዚሁ። ቀለሙ በሁለቱም 2 ነው፣ ክብደቱ ግን ቦታ ይለውጣል። ቃሉ ከምቱ ጋር በተጋጨ ጊዜ ቃሉን ከመጣል በፊት ባለቤት አመልካቹን ጨምሮ ወይም ቀንሶ ማየት ይገባል።

ሐረግ

እኔ በዚህ ሁሉ አልስማማም። ጥሩ ዘፋኝ ከባዱን ቀለም ቀላል ምት ላይ፣ ቀላሉን ከባድ ምት ላይ ሲያደርግ እንሰማለን፤ ደስ ይላልም። የቀለም ክብደት ሕግ ከሆነ ይህ ሁሉ ስህተት ሊባል ነው? አማርኛ ግጥም በቀለም ቁጥር የቆመ ነው። የፈረንሳይኛው 12 ቀለም ስንኝም መሃሉ ላይ ተቆርጦ 6 በ6 ነው፤ ገጣሚው በየቀለሙ ክብደት አይመዝንም።

ከበሮ

ሐረግ፣ ተቃውሞህ ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ሁለት ነገር መለየትን ይፈልጋል።

ከምት ወጣ ብሎ መዝፈን፣ ማለትም ሲንኮፔሽን፣ የሚሠራው አድማጩ ከባዱ ምት የት እንዳለ አስቀድሞ ካወቀ ብቻ ነው። ከበሮው ወይም ቤዙ 1ን አጽንቶ ሲይዝ፣ ድምፁም ግማሽ ወይም አንድ ቦታ ቀድሞ ሲመጣ፣ ከባዱ ቀለም የራሱን ክብደት ይዞ ነው የሚቀድመው። «ረዝ» 4 ላይ መሆን ሲገባው 3 ላይ መጥቶ እስከ 4 ቢያዝ ያምራል። «ዘ» 4 ላይ ወድቃ ብትረዝም ግን ቀድማ የመጣች ከባድ ቀለም አትሆንም፤ ቃሉን ለሁለት የምትሰብር ቀላል ቀለም ናት። አንዱ አቀማመጥ የተፈለገ ነው፣ ሌላው ያልታየ።

ስለ ፈረንሳይኛው ያልከው እውነት ነው፤ ግን እዚያም 6ኛውና 12ኛው ቀለም ጫና ይይዛሉ። መሃሉ ነፃ ነው እንጂ ጫፉ አይደለም። በወል ቤትም የሐረጉ ማለቂያ ላይ ትንፋሽ አለ፤ ያንን ትንፋሽ ዜማው ከበላው ስንኙ 12 ቢሆንም ወል ቤት መሆኑ አይሰማም። ቃል ከ6ኛው ቀለም ወደ 7ኛው ከተሻገረ ደግሞ ከመጀመሪያውም ቆጠራው ተሰናክሏል።

ዘረ ቅኔ

በግእዝ በኩል ያለውን ልጨምር፤ ይህ ጉዳይ ለእኛ አዲስ አይደለም። የንባብ ተማሪ ዜማ ከመጀመሩ በፊት ቃሉን ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ ብሎ መለየት ይማራል። ተነሽና ሰያፍ ድምፁ ይነሳባቸዋል፤ ወዳቂና ተጣይ ይወድቃሉ። ሰያፍና ተጣይ መድረሻቸው ሳድስ በመሆኑ ይለያሉ። ተነሽ የሆነውን ጥሎ ያነበበ ወይም ወዳቂውን ያነሳ እርማት ይቀበላል። የንባብ ሥርዓት ከዜማ መቅደሙ ምክንያት አለው፤ ንባቡ ያልተስተካከለ ቃል በዜማ ሲጎተት ስህተቱም አብሮ ይጎተታል።

በዜማ ደግሞ ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ርክርክ፣ ቁርጥ የሚባሉት ምልክቶች በፊደሉ ላይ ይቀመጣሉ። የተቆጠረ ባር የለም፤ ድምፁ በቃሉ ላይ እንዴት እንደሚሄድ ነው የሚያሳዩት። ጸናጽልና ከበሮ ሲገቡ ነው ምቱ በግልጽ የሚሰማው። የዘመኑ ዜማ ሠሪ ከዚህ የሚወስደው ቅደም ተከተሉን ነው፦ ንባብ፣ ከዚያ ዜማ፣ ከዚያ ምት። ብዙዎች ዛሬ ከምቱ ይጀምሩና ቃሉን በኋላ ያስገቡታል፤ ግጭቱም እዚያ ይወለዳል።

ባለስንኝ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ሰንጎ መገን የሚባለው የግጥም ቤት 5 በ5 ነው። 6 ቦታ ባለው ባር ውስጥ አንድ ቦታ ይተርፋል። ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ ማድረግ ይበቃል?

ከበሮ

አይበቃም፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። ምሳሌ፦

ልቤ ተነሳ፣ እግሬ ቀደመ

የመጀመሪያው ሐረግ፦ 1 ልብ · 2 ቤ · 3 ተ · 4 ነስ · 5 ሳ · 6 ትንፋሽ። ከባዶቹ 1 እና 4 ላይ ናቸው፣ ትንፋሹ መጨረሻ ላይ ቢሆን ያምርበታል።

ሁለተኛውን በዚያው መልክ ብታስገባው 1 እግ · 2 ሬ · 3 ቀድ · 4 ደ · 5 መ ይሆናል። 4 ላይ «ደ» ወደቀች፣ «ቀድ» ተዋጠ። ትርፉን ቦታ ወደ ፊት አምጣው፦ 1–2 እግ · 3 ሬ · 4 ቀድ · 5 ደ · 6 መ። «እግ» ሁለት ቦታ ያዘ፣ «ቀድ» 4 ላይ አረፈ። ትርፉ ቦታ የሚቀመጠው ቀጣዩ ከባድ ቀለም ከባዱ ምት ላይ እንዲደርስ በሚያደርግበት ስፍራ ነው።

በነገራችን ላይ «ተነሳ» እና «እግሬ» መሃል ያለው ትንፋሽ የግድ ነው። ካልተለየ «እ» በፊቱ ባለው አናባቢ ትዋጥና «ተነሳግሬ» ይሆናል፤ አንድ ቀለም ጠፋ ማለት ነው። በ«እ» የሚጀምር ቃል ሐረግ መነሻ ላይ ሲመጣ ከፊቱ ቢያንስ አንድ ስምንተኛ ኖታ ዝምታ ይኑር።

4 በ4 የሆነው የቡሔ በሉ ቤት ብዙም አያስቸግርም።

አዲስ ገቢ

ወል ቤቱን በ4/4 ማስገባት የፈለገ ሰውስ?

ከበሮ

ይቻላል። ባሩ 8 ስምንተኛ ኖታ ይኖረዋል፤ 1 በጣም ከባድ፣ 5 መካከለኛ፣ 3 እና 7 ቀለል ያሉ፣ ሙሉ ቁጥሮቹ (2፣ 4፣ 6፣ 8) ቀላል። 6 ቀለም ለ8 ቦታ ስለሆነ 2 ትርፍ አለህ፦

(የ) | 1 ወን · 2 ዙ · 3 ዳር · 4 ዛ · 5 ፎች · 6–7 ትንፋሽ · 8 ጥ
1–2 ላች · 3–4 ቸው · 5 ረዝ · 6 ዘ · 7–8 መ
1 መን · 2 ገ · 3 ደኝ · 4 ኛው · 5 ሁል · 6 ሉ · 7–8 ትንፋሽ
1–2 ደክ · 3 ሞት · 4 ተ · 5 ጋድ · 6 ደ · 7–8 መ

«ጥ» የሁለተኛው ሐረግ ብትሆንም በመጀመሪያው ባር 8ኛ ቦታ ላይ መንደርደሪያ ሆናለች። በ6/8 ከ1 ጀምራ ነበር። ያው ሐረግ እንደ ምቱ ዓይነት መነሻው ይቀየራል።

ድምፀ ልሳን

ስለ ስንኝ መድረሻ ማንም ስላላነሳ ልጨምረው፤ በእኔ እምነት ከሁሉም ይበልጥ ዜማ የሚያበላሸው እሱ ነው።

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በግስ ያልቃል። የአብዛኛው የኃላፊ ጊዜ ግስ ደግሞ ከመጨረሻው በፊት ያለው ፊደሉ ይጠብቃል፦ ረዘመ፣ ቀደመ፣ ተጋደመ። የእንዲህ ያለው ግስ መድረሻ ከባድ፣ ቀላል፣ ቀላል ነው። ብዙ ዜማ፣ በተለይ ከሌላ ቋንቋ የመጣ ዜማ፣ የሚጨርሰው ረጅም ኖታ ከባድ ምት ላይ በማሳረፍ ነው። የእንግሊዝኛው ቀላል-ከባድ እየተባለ አምስት ጊዜ የሚደጋገመው 10 ቀለም ስንኝ ለምሳሌ በከባድ ይዘጋል። የአማርኛ ግጥም በዚያ ላይ ሲጫን ረጅሙ ኖታ «መ» ላይ ይወድቃል። ቀላል ቀለም ናት፣ የግእዝ አናባቢዋም ለመርዘም አትመችም፤ ዘፋኞች ሳይታወቃቸው ወደ «ማ» ይጎትቷታል።

ሁለት መውጫ አለ። አንዱ ዜማውን ለውጦ ከባዱን ኖታ «ረዝ» ላይ ማድረግና «ዘመ»ን እየቀነሱ መውረድ። ሌላው ጊዜውን መለወጥ፦

የወንዙ ዳር ዛፎች ጥላቸው ይረዝማል፤
መንገደኛው ሁሉ ደክሞት ይጋደማል።

«ረዘመ» 3፣ «ይረዝማል» 3። «ተጋደመ» 4፣ «ይጋደማል» 4። ቆጠራው አልተነካም፣ ቤቱ ግን አሁን «ማል» ነው፦ ዝግ፣ ከባድ፣ ራብዕ አናባቢ ያለው፣ እንደልብ የሚረዝም። ለ6/8፦ (ጥ) | 1 ላች · 2 ቸው · 3 ይ · 4 ረዝ · 5–6 ማል። የመዝጊያው ሐረግ ደግሞ፦ 1 ደክ · 2 ሞት · 3 ይግ · 4–5 ጋድ · 6 ደ | 1 ማል። የመጨረሻው «ማል» አዲስ ባር ከፍቶ 1 ላይ ያርፋል፤ ሙሉ ባር ቢያዝም አይሰበርም።

ሐረግ

ይህ አሳማኝ ነው። የጠበቀ ፊደል ረጅም ኖታ ላይ ሲመጣስ እንዴት ይያዛል? በቀስታ ዜማ «ልቤ» አብዛኛውን ጊዜ ላልቶ ነው የሚሰማው።

ድምፀ ልሳን

እንደ ፊደሉ ዓይነት ነው። መ፣ ነ፣ ለ እና ረ ሲጠብቁ ድምፅ አላቸው፣ ኖታውን ራሳቸው ተሸክመው መቆየት ይችላሉ። «ሁሉ» ላይ «ል»ን ማዘፈን ይቻላል። በ፣ ተ፣ ከ፣ ቀ፣ ጠ እና ደ ግን ሲጠብቁ አፍ ተዘግቶ ድምፁ ይቋረጣል፤ ለእነዚህ ከፊት ያለውን ኖታ ቀደም ብሎ መቁረጥ ያስፈልጋል። «ልቤ» ሲዘፈን «ል» ላይ ያለው ኖታ እስከ መጨረሻው ከተሳበ ለ«ብ» መዝጊያ ጊዜ አይቀርለትም፣ ስለዚህ ይላላል። ከኖታው ሩብ ያህሉን ለዝምታ መተው ይበቃል።

ዜማው ቀለም ሲጎድለው ዘፋኝ ሳድስ ከፍቶ ይሞላል፤ «ደክሞት»ን ደ፣ ክ፣ ሞት ብሎ 3 ያደርገዋል። ሁለት የተለያዩ ተነባቢዎች ስለሆኑ በመሃላቸው አናባቢ ማስገባት ይፈቀዳል። የጠበቀ ፊደል ግን መሃሉ አይከፈትም። «ረዘመ»ን ረ፣ ዝ፣ ዘ፣ መ ብሎ 4 ማድረግ ሌላ ቃል እንጂ ማስረዘም አይባልም።

ከበሮ

ለቀረጻ የሚሆን አንድ ነገር። ምቱ የሚሰማው አናባቢው በሚጀምርበት ቅጽበት ነው፤ ተነባቢው ከምቱ በፊት መውጣት አለበት። በትልቁ ምት በደቂቃ 120 ሲኬድ አንድ ስምንተኛ ኖታ 0.17 ሰከንድ ገደማ ነው። በዚህ ፍጥነት «ፎች» የሚለውን «ፍ» በክሊኩ (በቀረጻ ጊዜ ምቱን በሚጠቁመው ድምፅ) ላይ የጀመረ ዘፋኝ አናባቢው ዘግይቶ ይደርሳል፣ ጠቅላላው ዘፈንም ወደ ኋላ የሚጎተት ይመስላል። «ረዘመ» ላይ ደግሞ ክሊኩ ላይ መዋል ያለበት የ«ረ» አናባቢ ነው። ብዙዎች የጠበቀው «ዝ» የሚለቀቅበትን ጊዜ ክሊኩ ላይ ያሳርፉና ከባዱ ምት ሾልኮ «ዘ» ላይ ይሄዳል። ግጥሙን ስትጽፉ የሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ፣ ክሊክ የሚያርፍበት ቀለም ስር መስመር አድርጉ። ነጥቡ ያለበት ፊደል ስር መስመሩ ከመጣ አቀማመጡን ከመቅረጻችሁ በፊት አንድ ቦታ ወደ ኋላ ሳቡት።